የዘማች ውሎና አዳር በገጠር
(ከ1967 እስከ 1968 ዓ.ም.)

«ዘማች» የሚለው ቃል በገበሬው ጆሮና በከተማው ሰው ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ የለውም። ከተማው ዘማችን የሚያውቀው በሰልፍ፣ በሰንደቅ ዓላማና በቀረርቶ ነው። ገበሬው ግን ለብዙ ዘመናት ዘማችን ያወቀው በጎተራው በኩል ነው። የጥንቱ ጦር የተደራጀ የስንቅ ክፍል አልነበረውምና ባለፈበት አገር ሁሉ የሚበላው ከባላገሩ ማጀት፣ የሚያድረውም በባላገሩ ጎጆ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓመታት አሥራት እንዲከፈል ያደረጉት ወታደሩ ገበሬ ቤት እየገባ መቀለቡ እንዲቀር በማሰብ ነበር። አሥራቱ ተከፈለ፤ ነገር ግን የጎተራው ትዝታ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ቆየ። ስለሆነም በ1967 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር «ዘማች መጣ» የሚል ወሬ በየቀዬው ሲሰማ፣ ሽማግሌዎች አስቀድመው «ስንት ናቸው? እስከ መቼስ ይቆያሉ?» ብለው ቢጠያየቁ የሚያስደንቅ አይሆንም። የመጣው ዘማች ግን ጠመንጃ ያነገተ ሳይሆን ካኪ የለበሰ፣ ደብተርና እርሳስ የያዘ፣ ጢሙን በቅጡ ያላበቀለ ተማሪ ነበር።

የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ በይፋ የተከፈተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ከወረዱ ገና አራተኛው ወር አልሞላም ነበር። የዩኒቨርሲቲውና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከፍተኛ ክፍሎች ተዘግተው ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በመላው አገሪቱ ወደተቋቋሙ የዘመቻ ጣቢያዎች ተላኩ። የተሰጣቸው ተግባር ብዙ ነበር፤ ማንበብና መጻፍ ማስተማር፣ ስለ ጤና አጠባበቅ ማስረዳት፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ መሥራት፣ ገበሬውን ማደራጀትና የአዲሱን ሥርዓት ዓላማ ማስረዳት። ይህን ሁሉ እንዲፈጽም የተጠራው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ከአሥራ ሰባትና ከሃያ ሁለት ዓመት ዕድሜ መካከል ያለ፣ ከእናቱ ቤት ውጭ አድሮ የማያውቅ የከተማ ልጅ ነበር።

ዘማቹ በፈቃዱ ሄደ ወይስ ታዞ? ይህ ጥያቄ በጊዜውም በኋላም ብዙ አከራክሯል። በአንድ በኩል ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱን መቀጠልም ሆነ ሥራ ማግኘት እንደማይችል ስለ ተነገረ ግዴታው ግልጽ ነበር። ከተማሪው መካከልም «ወታደሩ መንግሥት ከከተማ ሊበትነን ነው» እያለ የተቃወመ፣ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም የሚል ጥያቄውን በኪሱ ይዞ በግድ የተሳፈረ ብዙ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ለዓመታት ስለ ገበሬው ሲጮኽ የኖረ ትውልድ ገበሬውን የማየት ዕድል ሲገጥመው በደስታ የተነሣም ጥቂት አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ በአንዱ ወጣት ልብ ውስጥ ሁለቱም ስሜቶች አንድ ላይ ያደሩበት ጊዜ ይበዛል። በግድ የሄደው ዓመቱን ሙሉ ከገበሬው ጎን ሳይለይ ሲከርም፣ በዘፈን የሄደው በሁለተኛው ወር ወደ ከተማ ሲኮበልል ታይቷል።

ወደ ገጠር በመዝመት የ1967ቱ ወጣት የመጀመሪያው አልነበረም። የቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያዝ ደንብ ነበረው። አብዛኞቹ የሚመደቡት በመምህርነት ስለ ነበር ያዩት አገር የወረዳና የአውራጃ ከተማውን ነው። ከዚያም በፊት በ1955 ዓ.ም. መባቻ ከ270 በላይ የሚሆኑ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች አዲስ አበባ ገብተው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተደልድለዋል። በኋላ የአሜሪካ ሴናተር ለመሆን የበቃው ፖል ሶንጋስ በወሊሶ ያስተማረው በዚያን ጊዜ ነው። እነዚህ ፈረንጆች እንጀራ በእጅ መቁረስን፣ በቅሎ መጫንን፣ ለእያንዳንዱ ሰላምታ አምስት ጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለትን ተለማመዱ፤ አልፎ አልፎም የሚያስቅ ስሕተት እየሠሩ ተማሪዎቻቸውን አዝናኑ። ነገር ግን ያኔ በፈረንጅ አስተማሪው ላይ ከሳቁት ተማሪዎች አንዳንዶቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራሳቸው ገጠር ሲገቡ፣ ከዚያ ፈረንጅ የተሻለ ለገበሬው ቤት ቅርብ አለመሆናቸውን ለማየት በቅተዋል። በቋንቋ የሚግባባ ሰው በኑሮ ላይግባባ ይችላልና።

የተማሪው እንቅስቃሴ «መሬት ላራሹ» የሚለውን መፈክር አንግቦ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የወጣው በየካቲት 1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ለአሥር ዓመታት በየጉባኤው ስለ ጭሰኛው ያልተነገረ የለም። ይሁን እንጂ ከተናጋሪዎቹ ብዙዎቹ ሞፈርን ከቀንበር የሚያገናኘው ጠፍር ምራን እንደሚባል፣ ጤፍ ከመዘራቱ በፊት መሬቱ ስንት ጊዜ እንደሚታረስ አያውቁም ነበር። ይህን ማለት እነርሱን ለመንቀፍ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ራሱ ስለ ሌላ አገር ወንዝና ተራራ እያስተማረ ያሳደጋቸው ልጆች ነበሩ።

ዘማቹ ገጠር የደረሰበት ወር ለትምህርት የተመቸ ሆኖ ተገኘ። ታኅሣሥና ጥር የአጨዳና የውቂያ ወራት ናቸው። ነዶው ተከምሮ፣ ውድማው በእበት ተለቅልቆ፣ በሬዎች እህሉን ሲያበራዩ፣ መንሽና ላይዳ ገለባውን ከፍሬው ሲለዩ የሚታይበት ጊዜ ነው። በደቡቡና በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል የሰፈረው ዘማች በመጽሐፍ ያነበበውን የብዝበዛ ትርጉም በዐይኑ ያየው በውድማ ላይ ነበር። ምርቱ በቁና ሲሰፈር የባለመሬቱ ምስለኔ አጠገቡ ይቆማል። እንደየአገሩ ልማድ እኩል፣ ሲሶ ወይም እርቦ ለባለመሬት ይነሣል። ከቀረው ላይ ዘር ይቀመጣል፤ የተበደሩት እህል ከነወለዱ ይከፈላል። ጭሰኛው በመጨረሻ ወደ ቤቱ የሚያስገባው ሲለካ ያየ ተማሪ፣ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ከሰማው ንግግር ሁሉ የበለጠ ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ መማሩ አልቀረም። በሰሜን ባለ ርስት ገበሬ መካከል የሰፈረው ዘማች ደግሞ የገጠመው ሌላ ዓለም ነው። በዚያ ድህነቱ ያው ሆኖ ሳለ ገበሬው «የአባቴ መሬት» የሚለው ርስት ነበረው። ስለ ባለመሬት ጭቆና የተዘጋጀው ንግግር በዚያ ሰሚ አጣ። ዘመቻው በሁለቱ የአገሪቱ ክፍሎች ያገኘው አቀባበል ለምን እንደ ተለያየ ለመረዳት ከዚህ መነሣት ያስፈልጋል።

ኑሮው ቀላል አልነበረም። ዘማቹ የሚያድረው በትምህርት ቤት ክፍል፣ በድንኳን ወይም ከሰፈሩ ሰው በተገኘ ቤት ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ጦርነት ከቁንጫና ከትኋን ጋር ነው። በቆላው ወባ፣ በደጋው ብርድ፣ በሁሉም ዘንድ የሆድ ሕመም አለ። ውኃ ከምንጭ በእንስራ ይቀዳል፤ እንስራው እንዴት በጀርባ እንደሚታዘል ደግሞ ከሰፈሩ ልጃገረዶች መማር ያስፈልጋል። ምግብ ማብሰል በተራ ስለ ነበር ወጥ ሠርቶ የማያውቅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሽንኩርት እያሳረረ ጓደኞቹን ጦም ያሳድራል። ምጣድ ላይ የተጋገረው እንጀራ ዐይን ሳያወጣ ተጣብቆ ሲቀር፣ የጎረቤት እናት በአጥር በኩል አይታ፣ መጀመሪያ ስቃ ኋላም አዝና፣ የራሷን ሊጥ ይዛ ትመጣለች። ከብዙ ጣቢያዎች የገበሬውና የዘማቹ ወዳጅነት የተጀመረው በስብሰባና በንግግር ሳይሆን በእንዲህ ዓይነቱ የማጀት ችግር ነው። «እነዚህ ልጆች ከእናታቸው ተለይተው የመጡ ናቸው» የሚለው ሐዘኔታ «ዘማች» ከሚለው ስም ጋር የመጣውን የጎተራ ፍርሃት ቀስ በቀስ አለዘበው።

ዘማቹ በበኩሉ ያላወቀው ሕግ ብዙ ነበር። ረቡዕና ዓርብን በጦም በሚያሳልፍ ሰፈር ሥጋ የበላ፣ በእስላሙ አገር ሰው ሁሉ በሚጦምበት ወር በአደባባይ ሲጋራ ያጨሰ ዘማች በአንድ ቀን የወራት ድካሙን ያጣል። በዓልም ሌላው የጠብ ምክንያት ነበር። ተማሪው የቀን መቁጠሪያውን ከፍቶ በወር ውስጥ ስንት ቀን እርሻ እንደማይታረስ ያሰላና «ይህ ሁሉ የሥራ ቀን ባከነ» ይላል። ገበሬው ደግሞ ማርያምን ወይም ሚካኤልን የሻረ ሰው እርሻው በበረዶ እንደሚመታ በአባቱ ጊዜ የታየ ነገር አድርጎ ይነግረዋል። ስሌቱ የተማሪው ነው፤ በረዶ ቢወርድ የሚራበው ግን ገበሬው ነው። ይህን ልዩነት ቶሎ የተረዳ ዘማች ክርክሩን ትቶ በበዓሉ ቀን ለማኅበሩ ጠላ ተጋበዘ፤ እዚያው ተቀምጦም ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ጥቅም ተናገረ። ያልተረዳው ተከራከረ፣ አሸነፈም፤ በማግሥቱ ግን የሚያስተምረው ሰው አጣ።

ከምግብና ከበዓል የበለጠ ያስቸገረው እርሳሱ ነበር። ዘማቹ ገና እንደ ደረሰ የቤተሰቡን ብዛት፣ የከብቱን ቁጥር፣ የመሬቱን ስፋት መመዝገብ ይጀምራል። ለተማሪው ይህ ጥናት ነው፤ ለገበሬው ግን ግብር ነው። በተለይ በጎጃም ይህ ስጋት ትኩስ ቁስል ነበረው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ መሬትና ምርት ሊገመት ሲጀመር የጎጃም ገበሬ «ርስታችን ሊወሰድ ነው» ብሎ ሸፍቶ፣ ጦር ዘምቶበት፣ በመጨረሻም መንግሥት ግብሩን ለማንሣት ተገዷል። ከዚያ ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ደብተር ይዞ የመጣ ካኪ ለባሽ «ስንት ጥማድ ታርሳለህ?» ሲል ምን ዓይነት መልስ ሊያገኝ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ብልኅ ገበሬ ከብቱን ግማሽ ያህል አድርጎ ነገረው፤ ከዚያ የባሰ ብልኅ ደግሞ የጎረቤቱን ነገረው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ወጣ። ይህ ዕለት የዘማቹን ሕይወት በሁለት ይከፍለዋል። ከዚያ በፊት አስተማሪና እንግዳ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አዋጅ አንባቢ፣ መሬት ደልዳይና ዳኛ ሆነ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ሊደርስ የሚችለው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የጭሰኝነትን ግንኙነት አስቀረ፤ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን ክልል ገበሬዎች በማኅበር እንዲደራጁ አዘዘ። ዘማቹ ይህን በዋርካ ሥር ቆሞ ሲያነብ ከሕዝቡ የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ፖለቲካ አልነበረም። «ሄክታር ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ሰው መሬትን የሚያውቀው በጋሻ፣ በገመድና ጥንድ በሬ በአንድ ቀን በሚያርሰው ጥማድ ነው። 800 ሄክታር ወደ 20 ጋሻ ያህል መሆኑን ማስረዳት ይቻላል፤ ነገር ግን ጋሻው ራሱ እንደ መሬቱ ለምነትና እንደ ለኪው ወዳጅነት ሲሰፋና ሲጠብ የኖረ ነገር ነው። በሒሳብ ያልተበገረ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በድንበር ድንጋይ አጠገብ ሁለት ወንድማማቾች ሲካሰሱ ሰምቶ ለመፍረድ ሳምንት ይፈጅበት ነበር። በመጨረሻም ነገሩን የሚፈታው የሰፈሩ ሽማግሌ ነው፤ ተማሪው ውሳኔውን ይጽፋል።

ትምህርቱም እንዲሁ ነበር። በቀን ገበሬው እርሻ ላይ ስለሚውል ክፍሉ የሚሰበሰበው ሲመሽ በኩራዝ ብርሃን ወይም ማለዳ በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ፊደል በገጠሩ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ የቆሎ ተማሪ፣ ዲያቆንና ደብተራ በየደብሩ አሉ። ነገር ግን ፊደል የልጅነት ሥራ ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር አምሳ ዓመት የሞላው ሰው ከልጁ ጎን ተቀምጦ «ሀ» ማለትን ያፍራል። እርፍ ጨብጦ የጠነከረ እጅ እርሳስን እንደ ጅራፍ አጥብቆ ሲይዘው ጫፉ ይሰበራል፤ ደብተሩም ይቀደዳል። አስተማሪው ልጅ እግር ቢሆንም ተማሪዎቹ በአክብሮት «የኔታ» ብለው ሲጠሩት፣ እርሱ ደግሞ በዕድሜ አባቱ የሚሆኑትን ተማሪዎቹን «አባባ፣ ይህን ያንብቡ» ሲል የሚፈጠረው የክብር መደበላለቅ ራሱን የቻለ ቲያትር ነበር። ብዙ ሰው ሊያነበው የፈለገው የመጀመሪያ ነገር የገዛ ስሙ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በውል ወረቀት ላይ ከስሙ ፈንታ አውራ ጣቱን ሲያትም የኖረ ሰው ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ቢያውቅ የፈረመው ምን እንደሆነ ወደ መጠየቅ ይሸጋገራልና።

አማርኛ በማይነገርበት አገር የተመደበው ዘማች ችግሩ እጥፍ ነበር። ከሲዳማ፣ ከወላይታ ወይም ከኦሮሞ ገበሬ ጋር ለመነጋገር አራተኛ ክፍል የደረሰ የሰፈር ልጅ አስተርጓሚ ይሆናል። «ፊውዳላዊ ሥርዓት» የሚለው ቃል በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አፍ ተተርጉሞ ገበሬው ጆሮ ሲደርስ ምን እንደ ሆነ ልጁ ብቻ ያውቃል። ጥበበኛው ዘማች ቃሉን ትቶ የውድማውን ክፍፍል በጠጠር እየቆጠረ ማሳየትን መረጠ። እርሱም በተራው ከገበሬው ቃል ይማራል። ሞፈር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገል፣ ምራን እያለ የእርሻ ዕቃዎችን ስም ይቆጥራል፤ መሬት መጀመሪያ እንደሚገመስ፣ ቀጥሎ እንደሚታየም፣ ከዚያም እንደሚሠለስ ያውቃል። የአማርኛ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ በእርሻ ቃላት የበለጸገው በከፊል እነዚህ ልጆች በዚያን ጊዜ ጆሯቸውን ስለ ሰጡ ነው ብሎ መገመት ስሕተት አይሆንም።

ስለ ሴት ዘማቾች የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ወላጆች ሴት ልጃቸው ከወንዶች ጋር በአንድ ጣቢያ ለብዙ ወራት እንድትኖር መላካቸው ለብዙው ቤተሰብ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ነበር። የገጠሩም ሰው ግራ ተጋባ፤ ያላገባች፣ ካኪ የለበሰች፣ በአደባባይ ቆማ ለሽማግሌዎች የምትናገር ልጃገረድ ከየትኛው ወገን እንደምትቆጠር አላወቀም። ሆኖም ወንዱ ዘማች የማይገባበት የጓዳ በር ለእርሷ ተከፈተ። ስለ ወሊድ፣ ስለ ሕፃን ተቅማጥ፣ ስለ ጠለፋና ያለ ዕድሜ ጋብቻ የተነገረው በዚያ ነው። የገጠር ሴት ሌሊት ተነሥታ ፈጭታ፣ ውኃ ቀድታ፣ ማታ ለፊደል ትምህርት ስትመጣ እንቅልፍ እንደሚጥላት ያስተዋለችውና የትምህርቱ ሰዓት እንዲቀየር የጠየቀችው በአብዛኛው ሴቷ ዘማች ነበረች።

የገበሬ ማኅበር መመሥረት ሲጀመር የዘመቻው ከባዱ ፈተና መጣ። ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይፈልጋል። ጸሐፊ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው መሆን አለበት፤ በሰፈሩ ይህን የሚችለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የባለመሬቱ ዘመድ ወይም ትናንት ምርት ሲሰፍር የነበረው ምስለኔ ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ማኅበር በተመረጠ ማግሥት በቀድሞው ጌታ እጅ ወደቀ። ዘማቹ ይህን ሲያይ ተቆጣ፤ ምርጫው እንዲደገም፣ ባለመሬቱ ትጥቅ እንዲፈታ ጠየቀ። የወረዳው ፖሊስና አስተዳዳሪ ግን የድሮዎቹ ሰዎች፣ የባለመሬቱም አበ ልጆችና አማቾች ነበሩ። ግጭቱ በብዙ ቦታ ደም አፈሰሰ። በጅማ ዘማቾች ከገበሬዎች ጋር ተሰልፈው ከፖሊስና ከአካባቢው ባለሥልጣናት ጋር በመጋጨታቸው የታሰሩና ሕይወታቸውን ያጡ ነበሩ። በሌሎችም ስፍራዎች በባለመሬት ጥይት የወደቁ አሉ። መንግሥት ዘማቹን የላከው አዋጁን እንዲያስፈጽም ነበር፤ ዘማቹ ደግሞ አዋጁን ከመንግሥቱ አስቀድሞ ሊሮጥበት ፈለገ። አንዳንዱ ጣቢያ ገበሬው በሬውንና መሬቱን አንድ ላይ አድርጎ በጋራ እንዲያርስ ወዲያውኑ ግፊት አደረገ። ጭሰኛው ግን ሲመኘው የኖረው የራሱ የሚለው ማሳ እንጂ ሌላ የጋራ ጌታ አልነበረም። በዚህ ነጥብ ላይ ገበሬው ከሁለቱም ወገን ይልቅ የሚፈልገውን ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ክረምቱ ሲገባ መንገዱ ተቆረጠ፤ ወንዙ ሞላ፤ ስንቅና ደብዳቤ ዘገየ። ሰኔና ሐምሌ የገበሬውም የችግር ወራት ናቸው፤ ያለፈው ምርት አልቆ አዲሱ አልደረሰም። ዘማቹ በዚህ ጊዜ የበላው የሽሮ ወጥ የማን ልጅ ድርሻ እንደ ነበረ ማሰብ ጀመረ። በከተማ ደግሞ የተማሪው ፖለቲካ በሁለት ጎራ ተከፍሎ፣ ወታደራዊውን መንግሥት ደግፎ መሥራትና መታገል የሚሉት ወገኖች ክርክራቸው እስከ ጣቢያዎቹ ደርሶ ጓደኛን ከጓደኛ ለያየ። ብዙዎች ጣቢያቸውን ትተው ኮበለሉ፤ ወደ ጎረቤት አገሮች የተሰደዱም ነበሩ። የቀሩት እስከሚቀጥለው አጨዳ ቆዩ። በ1968 ዓ.ም. ታኅሣሥ እንደገና ውድማ ተለቀለቀ፤ እህሉ ተበራየ፤ ቁናው ወጣ። በደቡብ ጭሰኛ የነበረው ገበሬ ምርቱን ሲሰፍር አጠገቡ የቆመ ምስለኔ አልነበረም። በዚያው ዓመት ወደ ከተማ የሚጫነው እህል ቀንሶ ዋጋው ቢንር፣ ከምክንያቶቹ አንዱ አራሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቦ መብላቱ ነው። በዚያው 1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ደግሞ ለገበሬ ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነትና የራሳቸውን የፍርድ ሸንጎ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ የድንበር ክርክር በሽማግሌና በዘማች ፊት መታየቱ ቀርቶ በማኅበሩ ሸንጎ የሚታይ ሆነ።

የኪነ ጥበብ ሰው ከዚህ ታሪክ ሊያልፈው የማይገባ አንድ ነገር አለ። ምሽት ላይ ዘማቾች አጫጭር ቲያትርና መዝሙር እያዘጋጁ ለሰፈሩ ያሳዩ ነበር። ቲያትሩ ብዙውን ጊዜ ቦርጫም ባለመሬት፣ ቀጭን ጭሰኛና ነፃ አውጪ ተማሪ የሚታዩበት ነው፤ በጥበብነቱ ብዙ የሚባልለት አይደለም። የሚያስደንቀው ተመልካቹ ነበር። ገበሬው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ባለመሬት የሆነውን ተዋናይ «እንዲህ አይደለም የሚሳደበው» እያለ ያርመዋል፤ ምስለኔው እንዴት ቁናውን ነቅንቆ እንደሚሞላ መድረክ ላይ ወጥቶ ያሳያል። በለቅሶና በደቦ ግጥም የሚገጥመው የሰፈሩ ባለቅኔም ዘማቹን አልማረውም። ሰሙ ምስጋና፣ ወርቁ ስላቅ የሆነ ስንኝ ደርድሮ፣ ልጆቹ በደስታ ሲያጨበጭቡ፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የሳቁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዘመቻው በ1968 ዓ.ም. አጋማሽና መጨረሻ ላይ አበቃ፤ ዘማቹም ወደ ከተማ ተመለሰ። የጠበቀው ከተማ ግን የተወው ከተማ አልነበረም። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በነበረው እርስ በርስ መገዳደልና በቀይ ሽብር ያለቀው ወጣት አብዛኛው በገጠር ከርሞ የተመለሰው ያው ትውልድ ነው። በየጣቢያው ፊደል የቆጠሩ ገበሬዎች የአስተማሪያቸውን መጨረሻ የሰሙት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ብዙዎቹም ጨርሶ አልሰሙም። የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞችም በ1969 ዓ.ም. አገሩን ለቀው ወጡ፤ እንደገና የተመለሱት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲከፈት ወደ ገጠር የተላከው ወጣት ከ1967ቱ ዘማች የተለየ ሁኔታ አገኘ። የሚቀበለው የገበሬ ማኅበር፣ የሚያስተምርበት የማኅበር ቤት፣ አስቀድሞ የታተመ መጽሐፍ ነበረው። ትምህርቱም የተጀመረው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማልኛ ሲሆን በኋላ ቋንቋዎቹ ወደ አሥራ አምስት ከፍ አሉ። የአራተኛ ክፍል አስተርጓሚው ልጅ አሁን ራሱ አስተማሪ ሆነ። ዘመቻው በ1980 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የዓለም አቀፉን የንባብ ማኅበር ሽልማት አገኘ። መጽሐፎቹ ሁሉ የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛና ሌሎችም ቋንቋዎች በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመሩ። በኩራዝ ብርሃን ስሙን በግዕዝ ፊደል መጻፍ የተማረ የወላይታ ወይም የወለጋ ሽማግሌ፣ የልጅ ልጁ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣውን ደብተር ለማንበብ እንደገና ከልጁ ጎን መቀመጥ ነበረበት።